የዕድሩ ዳኛና ያልደረሰው መልእክት

አንድ ሰው ነበረ።

ቆይ ሐመልማል፣ ጥያቄሽን ረስቼው አይደለም። አክስትሽ እታፈራሁ ታማ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች «እግዜር ይማርሽ» ብለሽ በስልክ ጻፍሽላት። የኢንተርኔት ጥቅልሽ አልቆ ኖሮ ጽሑፉ ሳይሄድ ቀረ። እሷ ድና ከወጣች በኋላ «ያቺ ልጅ አንድ ቀን እንኳን አልጠየቀችኝም» ብላ አኮረፈችሽ። አንቺ ደግሞ እኔ ዘንድ መጥተሽ፣ «እኔ ልኬያለሁ፤ የበላኝ ኔትወርኩ ነው። ባላጠፋሁት ለምን ይቅርታ እጠይቃለሁ? ጥፋቱ የማን ነው?» አልሽኝ። ይኸው ልመልስልሽ ነው። ያንን ስልክ አስቀምጪና ስሚኝ። ፊቱን ደፍተሽ አስቀምጪው እንጂ፤ ብልጭ ባለ ቁጥር ዓይንሽን ይወስደዋል።

አንድ ሰው ነበረ ብያለሁ። የአንዲት ትንሽ ከተማ ዕድር ዳኛ ነበር። ዳኛ ስልሽ ፍርድ ቤት የሚቀመጠውን እንዳይመስልሽ። ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚያስተክለው፣ አግዳሚ ወንበሩን የሚያስወጣው፣ ቀብር የቀረውን የሚቀጣው፣ የዕድሩ አለቃ ማለቴ ነው።

ክፉ ሰው አልነበረም። የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ነበረው። ሚዛኑ የታመነ፣ ሰዓት የሚያከብር፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር። አንድ ነገር ግን ነበረበት፤ አዲስ ዕቃ ሲያይ ልቡ አይችልም። አዲስ ስልክ ወጣ ሲባል ያለውን ሸጦ ያንን ይገዛል። የገዛውም ብዙ ሳይቆይ ባትሪው ይነፋና ጀርባውን ገፍቶ ይከፍተዋል። የቻርጀሩ ገመድ አንገቱ ላይ ይላጥና እየያዘ እየለቀቀ ያስቸግረዋል። ወደ ሻጩ ይዞት ሲሄድ ሻጩ፣ ይሄ ኦርጂናል ዕቃ ነው፣ ጥፋቱ የአያያዝዎ ነው ይለዋል። እሱም አያያዙን ሲያስተካክል ከርሞ ሌላ ይገዛል።

ጥቅል የሚሉትንም ይገዛ ነበር። ይህን ነገር ስንት ጊዜ አስረዳችሁኝ፤ ዛሬም አልገባኝም። እኔ ጤፍ ስገዛ ጤፉን አየዋለሁ፣ ዘግኜ አየዋለሁ፣ ቤቴ ካስገባሁት በኋላ እስኪያልቅ የኔ ነው። «አልበላሽውም፣ ቀኑ አለፈ» ብሎ መጥቶ ከዕቃዬ የሚገለብጥብኝ የለም። ይሄኛው ግን ሳትነኪው ቀኑ ይደርስና ተመልሶ ወደ ሻጩ ይሄዳል። የቀን አለው፣ የሳምንት አለው፣ ደግሞ የሌሊት የሚባል አለው፤ እሱ ርካሽ ነው አሉ፣ ሰው በተኛበት ሰዓት ነዋ የሚሸጡት። ሲያልቅ እንኳን ዝም ብሎ አያልቅም። ለመደወያ ብለሽ ያስቀመጥሻትንም ትንሽ ጠርጎ ይሄድና፣ ከዚያ «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጽፍልሻል። ዳኛውም እንደ ሰው ሁሉ በዚህ ይበሳጭ ነበር። ሱቁ የመጣውን ሁሉ ዘረፉኝ ይለዋል። ዘረፉኝ ይላል፣ ማታ ደግሞ ይገዛል።

በዚያች ከተማ ሰው ሲሞት የሚለፍፍ አንድ ሰው ነበር። ጥሩንባውን እየነፋ በየመንደሩ ይዞራል፤ እየቆመም የሟቹን ስም፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል። ያ ለፋፊ አረጀና ሌላ አገር ያለች ልጁ ወሰደችው። ዕድርተኛው ተሰበሰበ። ማን ይተካው ሲባል ዳኛው ተነሣና፣ የሚተካ ሰው አያስፈልግም አለ። ስልክ የሌለው ቤት የለም፤ ሁላችንም አንድ ላይ የምንገባበት ግሩፕ እከፍታለሁ፤ አንድ ጊዜ እጽፋለሁ፣ ሁሉም ባለበት ይሰማል፤ በብርድ የሚዞር ሰው አይኖርም፣ በነፋስ የሚጠፋ ድምፅ አይኖርም አለ። ሲናገር ያምርበት ነበር። ብዙው ሰው አጨበጨበ።

አንድ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ ብቻ አላጨበጨቡም። አጠገባቸው ያለው ሰው የተባለውን በጆሯቸው ሲነግራቸው ትንሽ አሰቡና፣ «ለፋፊው እኔን እንደማልሰማ ስለሚያውቅ ግቢዬ ገብቶ በዱላው ነካ ያደርገኝ ነበር። ይሄ ያላችሁት ስልክ ዱላ አለው?» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛውም ሳቀ። ሽማግሌው ቀልደው አልነበረም፤ ሲስቁባቸው ግን አብረው ሳቁ። እንዲህ ነው፤ ጆሮ የከበደው ሰው ሌላው ሲስቅ ይስቃል።

ነገሩ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄደ። ያልነበረው ስልክ ገዛ፤ ልጅ ያለው በልጁ ስልክ ገባ። ከዚያ አንድ ጊዜ ከታች ሰፈር አንድ አናጢ ሞተ። ዳኛው ጻፈ፣ ሰው መጣ፣ አናጢው ተቀበረ። ስም ሲጠራ ግን አንዲት ሽንኩርት ሻጭ አልነበረችም። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በጉልት የምታሳድግ ሴት ናት፤ የአናጢው ቤትና የሷ ቤት ብዙም አይራራቅም፣ ግን በዚያን ቀን ሽንኩርት ልታመጣ ገጠር ሄዳ ነበር።

በስብሰባው ላይ አስነሧት። በዚያ ሳምንት ጥቅል የምትገዛበትን ገንዘብ ዘይት ገዝታበት እንደነበር፣ መልእክቱ ስልኳ ላይ የገባው አናጢው ከተቀበረ በኋላ ሌላ ጥቅል ስትሞላ እንደሆነ ተናገረች። እያፈረች ነው የተናገረችው። ዳኛው ስልኩን አውጥቶ ከፍ አድርጎ ለሰው አሳየ። ይኸው፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ተልኳል አለ። ደግሞም አስከትሎ፣

«የዕድሩ ግዴታ መላክ ነው። መቀበል የየራሳችሁ ነው» አለ።

ቀጣት። ሥርዓት ነውና ማንም አልተቃወመም። ሴትዮዋ ቅጣቱን ከፈለች። የከበዳት ቅጣቱ አልነበረም። የአናጢው ሚስት ገበያ ላይ ስታገኛት ፊቷን አዞረችባት። ሽንኩርቷን ትታ ከሌላ ሰው ገዛች። እዚያው አጠገቧ ካለችው። አየሽ፣ ይህንን ማን ይከፍለዋል? ዳኛው ይህን አላየም። ያየው የተላከውን መልእክት ነው።

አሁን ስለ ቤቱ ልንገርሽ፤ ነገሩ ያለ ቤቱ አይገባሽም። ዳኛው የኖረው ዕድርተኛው ባለበት በአሮጌው ሰፈር ነበር። ኋላ ግን ከድልድዩ ማዶ ቦታ አገኘና አዲስ ቤት ሠርቶ ገባ። እዚያ ያሉት ጎረቤቶች ከየአገሩ የመጡ እንግዶች ናቸው። መልካም ሰዎች ናቸው፤ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፣ ነገር ግን ገና አልተዋወቁም፣ ዕድራቸውም ሌላ ነው።

እናቱን ይዞ ነበር የገባው። እሷ አዲሱን ቤት አልወደደችውም። ግድግዳው ግንብ ነው፣ ውሃው ከቧንቧ ይወርዳል፣ ግን በአጥር በኩል ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። ይህች ሴት በዕድሜዋ ቀብር ቀርታ አታውቅም ይባል ነበር። ዝናብ ቢጥል፣ ጉልበቷን ቢያማት፣ የሟቹ ቤተሰብ አስቀይሟት ቢሆን እንኳን ትሄዳለች። ልጇ ደከመሽ፣ ዛሬስ ቅሪ ሲላት፣ «ሀብት አላስቀመጥኩልህም፤ ሰው ግን እያስቀመጥኩልህ ነው» ትለዋለች። ለራሷ የምትለምነውም አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስትተኛም፣ ስትነሣም፣ «ሰው ይቅበረኝ» ትላለች። እኛ ሴቶች ስናረጅ ሌላ ምን እንላለን? ይህንኑ ነው።

አንድ ቀን ጎህ ሊቀድ ሲል ያቺ እናት አረፈች።

ዳኛው ዓይኗን ከደነላት። ሚስቱና የሚስቱ እህት ማልቀስ ጀመሩ። እሱ ግን የስንቱን ሰው ቀብር ያሰናዳ ነውና፣ አስቀድሞ የሚሠራውን ሠራ። ስልኩን አነሣና እንባ እየጋረደው ጻፈ፤ እናቱ ማረፏን፣ ቀብሯ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ጭምር ጻፈ። የሚነካውን ነካ። ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ እሱ ዳኛ አይደለም፣ ሐዘንተኛ ነው። ሐዘንተኛ ደግሞ ይቀመጣል እንጂ አይሠራም፤ ሁሉን ሰው ይሠራለታል። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

ተቀምጦ በልቡ ያሰላ ጀመር። አሁን ሰምተዋል። አሁን ድንኳን ጠባቂው መጋዘኑን ከፍቷል። አሁን ጎልማሶቹ ምሰሶውን ተሸክመው ድልድዩን ይሻገራሉ። የእናቱ ባልንጀሮች፣ የቀሩት አሮጊቶች፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተደጋግፈው ይመጣሉ። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይላል። የሚገባው የማዶ ጎረቤት ነው። ጎረቤቶቹ ለቅሶውን ሰምተው መጡ፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አሉ፣ አንዱ ዳቦ አንዱ ንፍሮ አመጣ፣ ዳር ዳሩን ተቀመጡ። ሟቿን አያውቋትም። ምን ብለው ያልቅሱላት? ስሟን እንኳን አንዱ በቀስታ ከአንዱ ጠየቀ፤ ዳኛው ሰማው።

ረፋዱ አለፈ። ድንኳን የለም። ፀሐይ ከጣራው በላይ ወጣች። ከአሮጌው ሰፈር አንድ ሰው አልመጣም።

ያን ጊዜ በልቡ ሌላ ነገር ገባ። አባቱን ያልቀበርኩለት ማን አለ? እያለ ስም በስም ይጠራቸው ጀመር። ለዚህኛው ሬሳ ከሆስፒታል ያስወጣሁለት እኔ ነኝ። ለዚያኛው ዝናብ ላይ ቆሜ ድንኳን ያስተከልኩ እኔ ነኝ። ኋላም፣ ቀጥቼያቸዋለሁና ተቀይመውኝ ነው አለ። እኔን ቢቀጡኝ ምን ነበረበት፤ በእናቴ ተበቀሉኝ አለ። ልጄ፣ ሐዘንና ቂም አንድ ላይ ሲገቡ ቂሙ ይበረታል። የእናቱ ሬሳ እዚያ ተገንዞ ተጋድሞ፣ እሱ ስለ እሷ ማሰቡን ትቶ ስለ ዕድርተኛው ያስብ ነበር።

ሚስቱ ቀስ ብላ ጠጋ አለችና መልእክቱ መሄዱን አይተህ ነው ወይ አለችው። ተቆጣ። ልኬያለሁ አልኩሽ አላት፤ ስልክ መላክ ዛሬ ልታስተምሪኝ ነው ወይ አላት። እሷ ግን ተነሥታ ስልኩን ከመደርደሪያው አመጣችና እጁ ላይ አኖረችው።

ከፈተው። የጻፈው እዚያው አለ። አጠገቡ ላይ ያቺ ትንሽ ሰዓት የምትመስል ምልክት ቆማለች። አንቺ ታውቂያታለሽ፤ ገና አልሄደም የምትለዋን። ከላይ ደግሞ «ውድ ደንበኛችን፣ የገዙት ጥቅል የአገልግሎት ጊዜው አብቅቷል» የሚል መጥቶለታል። ጥቅሉ ያለቀው እናቱ ከማረፏ ጥቂት ሰዓት ቀደም ብሎ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑ ሲለወጥ ነው። የመደወያውንም ሂሳብ እንደ ልማዱ ጠርጎታል።

ማንም አልተበቀለውም። ማንም አልሰማም እንጂ።

አንድ ጎረቤት ነገሩ ሲገባው የራሱን ስልክ ሰጠው። ዳኛው ድንኳን ጠባቂው ዘንድ ደወለ። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም። የማያውቀው ቁጥር ሲሆንበት የማያነሣ ሰው ነው፤ ዳኛውም ይህን ያውቃል፣ እሱም አያነሣም። ሌላው ዘንድ ደወለ፤ ያኛው ዘግቶታል። ጎረቤቱም፣ ግድ የለም፣ አሁኑኑ ጥቅል ልሙላልህና መልእክቱ ይሂድ አለው። እውነትም ደግ ሰው ነበር፣ ወዲያው ሞላለት።

ዳኛው ጣቱን ወደ ስልኩ አቀረበ። ከዚያ ግን ቆመ። እሺ፣ ይሄዳል አለ በልቡ። ሄዶስ ማን ያየዋል? ዛሬ ጥቅል ያለው ማን ነው? ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ገበያ የወጣው ስንት ነው? ሽንኩርት ሻጯስ ዛሬ ዘይት ገዝታ ይሆን ጥቅል? እንደ ማንኛውም ቀን ቢሆን፣ ልኬያለሁ ብሎ ይቀመጥ ነበር። በሌላ ሰው ሬሳ ጊዜ ይህን አስቦት አያውቅም። አሁን የምትቀበረው የሱ እናት ናት፤ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ እየቀረበ ነው።

መልእክቱንስ ላከው። ላከውና ስልኩን አስቀምጦ ተነሣ። ጋቢውን አጣፋ፣ ጫማውን ፈለገ።

የሚስቱ እህት በሩ ላይ ቆመችበት። ሐዘንተኛ ሬሳ ካለበት ቤት ወጥቶ አይሄድም፣ የራሱን ሐዘን ራሱ ሲለፍፍ የታየ ሰው የለም፣ ነውር ነው፣ ሰው ምን ይላል አለችው። እውነቷን ነው። እኔም እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ አላየሁም።

«ነውሩ እናቴን ከማያውቋት ሰዎች ጋር ብቻ መቅበሬ ነው» አላት። አልፏት ወጣ።

ድልድዩን ተሻግሮ መጀመሪያ ያገኘው በር የእኒያ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ ነበር። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ዳኛው ፊታቸው ቆመ። ለፋፊው ይለው የነበረውን ሊል ፈለገ፤ ቃሉ አልመጣለትም። በዝቅተኛ ድምፅ እናቴ አረፈች አላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ምን አልክ አሉት። ጠጋ ብሎ ደገመው። አሁንም አልሰሙም። ፈገግ ብለው፣ «ገበያ ነው የምትለኝ?» አሉት።

እንግዲህ ከንጋት ጀምሮ ይህ ሰው ድምፁን አውጥቶ አላለቀሰም ነበር። ጎንበስ ብሎ፣ አፉን ጆሯቸው ላይ አድርጎ፣ ባለው ድምፅ ሁሉ፣

«እናቴ ሞታ ነው፤ እናቴ ሞታ ነው፤ ዛሬ ልቀብራት ነው» አለ።

ሽማግሌው ሰሙ። መንደሩም ሰማ። በር ተከፈተ፣ ከዚያ ሌላ በር ተከፈተ። ሴቶች እጃቸውን እያበሱ ወጡ። ዳኛው በጋቢው ተጠቅልሎ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አዩት። ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ተነሥተው እንደ ሕፃን ደገፉት። ያዩት ሁሉ ደነገጡ፤ አንተ ራስህ መጣህ ወይ፣ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ አሉት። ሰው አልጠፋም አላቸው። እኔ ነኝ ያልነገርኳችሁ አላቸው።

ከዚያ እሱ መናገር አላስፈለገውም። አንዱ ወደ ላይ ሰፈር ሮጠ፣ አንዱ ድንኳን ጠባቂውን ከገበያ ሊያመጣ ሄደ። አንተ ግባ፣ ሬሳው ጋ ሁን፣ የቀረውን እኛ እንጨርሳለን አሉት። እሺ አለ። ግን አልተመለሰም። አንድ በር ቀርቶኛል፣ እሱን ሰው አይሄድልኝም አለና ወደ ታች ሰፈር ወረደ።

ሽንኩርት ሻጯ ግቢዋ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጠች ነበር። ዳኛው በበሯ ሲገባ ስታየው ብድግ አለች፤ የሌላ ቅጣት ነገር የመጣ መስሏት ነው። እናቱ ማረፏን ነገራት። ቀብሩ ዛሬ መሆኑን ነገራት። ከዚያ እንደሚከሰስ ሰው እጁን አጣምሮ፣

«መልእክት ልኬ ነበር፤ ጥቅሌ አልቆ አልሄደም» አላት።

ስትሰማው ልትል የምትችለው ብዙ ነገር ነበራት። በስብሰባው ላይ እሱ ያላትን ቃል በቃል ብትመልስለት ማንም አይፈርድባትም ነበር። እኔ ብሆን ምናልባት እመልስለት ነበር፤ እንጃ። እሷ ግን ነጠላዋን ከገመዱ ላይ አወረደች፣ ዘቅዝቃ ለበሰች።

«እርስዎ መጥተው ነገሩኝ አይደል» አለችው። «ይሂዱ ጋሼ፤ የዚህን መንደር በር እኔ አዳርሳለሁ።»

እናቲቱን ሰው ቀበራት። ድንኳኑ ዘግይቶ ተተከለ፣ ምሰሶው ተጣሞ ነበር፣ ካህናቱም ጥቂት ጠበቁ። የመጣው ሰው ግን ድልድዩን ሞልቶ ነው የመጣው። ሁሉም መጣ ብዬ አልዋሽሽም። ከልጅነቷ ጀምሮ ባልንጀራዋ የነበረች አንዲት አሮጊት የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ሳይደርሱላት ቀሩ። በሣልስቱ መጥታ ዳኛውን አፍ ለአፍ ወቀሰችው። እሱም ቁጭ ብሎ ሰማት። ልኬ ነበር አላለም። ጥቅል አላለም፣ ኔትወርክ አላለም። «አላደረስኩልሽም፤ ይቅር በይኝ» አላት። እሷም ትንሽ ካለቀሰች በኋላ ይቅር አለችው።

የሽንኩርት ሻጯንም ቅጣት በሰው ፊት አነሣላት። የአናጢውን ሚስት ደግሞ ራሱ ሄዶ ነገሩን አስረዳት። ዕድሩ ስልኩን አልጣለም፤ ዛሬም ይጽፋሉ፣ ጥቅሉም እንደ ድሮው ያልቃል፣ ሰዎቹም እንደ ድሮው ይበሳጫሉ። ዳኛው ግን ከጻፈ በኋላ አይቀመጥም አሉ። ዓይቶ፣ ደውሎ፣ ያልሰማ ካለ በሩ ድረስ ይሄዳል።

እንግዲህ ልጄ ሐመልማል፣ አንቺም እንደዚያ ሰው ነሽ። እሱ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ሰዎቹን እንደታዘበ፣ አንቺም ከኔ ዘንድ ተቀምጠሽ አክስትሽን ትታዘቢያለሽ። እሱ የተላከውን እያሳየ ሴትዮዋን እንደቀጣት፣ አንቺም ስልክሽን እያሳየሽ እኔን ታስፈርጂኛለሽ።

ጥፋቱ የማን ነው ላልሽኝ፣ ጥቅል ሻጩ በድሎሻል። ያልተጠቀምሽበትን ወስዶብሻል፣ ሳይነግርሽ ቆርጦብሻል። እሱን ሄደሽ ክሰሺው፣ ተናገሪው፤ ከፈለግሽ እኔም በዚህ ጉልበቴ ተከትዬሽ እሄዳለሁ፣ የምለው አላጣም። ነገር ግን የበደለሽ ሻጩ ነው ማለት አክስትሽ ተጠይቃለች ማለት አይደለም። እሷ በዚያ አልጋ ላይ ሆና በሩን ስታይ ነበር። ያላገኘችው ያንቺን ቃል ነው። ቃል ደግሞ ከእጅሽ ስለወጣ አያበቃም፤ ጆሮዋ እስኪገባ ድረስ ዕዳው ያንቺ ነው። እታፈራሁ የኔትወርኩ አክስት አይደለችም፤ ያንቺ ናት።

በይ ተነሺ፣ ታክሲ ሳይጠፋ ሂጂ። ስልኩን ግድ የለም ያዥው። ስትደርሺ ግን «ልኬልሽ ነበር» ብለሽ እንዳትጀምሪ። አጠገቧ ቁጭ በይና፣ «አክስቴ፣ እንዴት ሆንሽልኝ?» ብለሽ ጀምሪ።